ጊት ስንጠቀም የፎልደር ፈቃድ ሳናዝ ሲለወጥ፦ መንስኤውን መለያና ማስተካከያ መንገድ

ከጥቂት ዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ አንድ መሥሪያ ቤት የአመልካቾችን ፎቶግራፍ የሚቀበል ድረ ገጽ ነበረን። ድረ ገጹ አልፎ አልፎ፣ በተለይም የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው ሶፍትዌር በጊት ሰርቨሩ ላይ ከአንዱ ብራንች (ጎን ለጎን ከሚያዙት የኮዱ ቅጂዎች አንዱ) ወደ ሌላው ተሻግረን በተመለስን ማግስት፣ ፎቶ መቀበሉን ያቆምና የስሕተት መዝገቡ «ፐርሚሽን ዲናይድ» (ፈቃድ ተከልክሏል) በሚል መልእክት ይሞላል። ተረኛው ባለሙያ ፎቶው መጀመሪያ የሚያርፍበትን ፎልደር ፈቃድ 777 አድርጎ፣ ማለትም ማንም እንዲገባበትና እንዲጽፍበት ከፍቶ፣ ሥራውን ያስቀጥላል፤ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ያው ችግር ተመልሶ ይመጣል። ሁላችንም «ጊት ፈቃዱን እየቀየረብን ነው» እንል ነበር። አባባሉ ስሕተት ነበር፤ መፍትሔውን ከሌለበት ቦታ እንድንፈልግ ስላደረገንም ብዙ ጊዜ አባከንን። ጊት የፎልደሩን ፈቃድ አልቀየረም፤ ፎልደሩን አጥፍቶ በምትኩ ሌላ ፎልደር ፈጥሯል። ይህን ልዩነት የያዘ ሰው ከዚህ በታች ያለውን ምርመራ ሁሉ በቀላሉ ይከተለዋል።

የምናገረው በአብዛኛው ሊኑክስ ስለሚሠራባቸው ሰርቨሮች ነው። ትእዛዞቹን በንግግር እንደምንጠራቸው ጽፌያቸዋለሁ፤ ተርሚናል ላይ ግን በተለመደው የላቲን ፊደላቸው ይጻፋሉ።

ጊት የሚመዘግበውና የማይመዘግበው

ጊት ስለ አንድ ፋይል ፈቃድ የሚመዘግበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ፋይሉ እንደ ፕሮግራም መሮጥ መቻሉን ወይም አለመቻሉን ነው። መሮጥ የሚችለው 100755፣ የማይችለው 100644 ተብሎ ይመዘገባል። ሲምሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል ወይም ፎልደር የሚያመለክት አቋራጭ) 120000፣ ፎልደር ደግሞ 040000 የሚል ቁጥር ይይዛል፤ በዚህ በፎልደሩ ቁጥር ውስጥ ባለቤቱ፣ ቡድኑ ወይም ሌላው ሰው ምን ማድረግ እንደሚችል የሚናገር አንድም አሃዝ የለም። የባለቤት ስም፣ የቡድን ስም፣ ሴትጂአይዲ የሚባለው ቡድንን የሚያወርስ ምልክት፣ ኤሲኤል የሚባለው ተጨማሪ የፈቃድ ዝርዝር፣ እነዚህ ሁሉ ከመዝገቡ ውጭ ናቸው። ባዶ ፎልደርም አይመዘገብም፤ ፎልደር ለጊት በውስጡ ያለው ፋይል አድራሻ ክፍል እንጂ ራሱን የቻለ ነገር አይደለም።

ይህ አሠራር በቸልተኝነት የመጣ አይደለም። ጊት እ.ኤ.አ. በ2005 ሲጀመር በመጀመሪያው ዘመኑ የቡድንን የመጻፍ ፈቃድ የያዙ እንደ 100664 ያሉ ቁጥሮችም ይመዘገቡ ነበር፤ ነገር ግን የእያንዳንዱ ሰው ማሽን አዲስ ፋይል ሲፈጥር የሚሰጠው ፈቃድ የተለያየ በመሆኑ፣ ማንም ያላሰበው ልዩነት እንደ ለውጥ እየተቆጠረ ሥራ ያውክ ነበር። የጊት አቻ የሆነው መርኩሪያልም ከመሮጥ ምልክትና ከሲምሊንክ ያለፈ ፈቃድ አይመዘግብም፤ ሰብቨርዥንም ፋይሉ ፕሮግራም መሆኑን በልዩ መለያ ይይዛል እንጂ የፎልደርን ፈቃድ አይጠብቅም። ስለዚህ ሶፍትዌሩን በመቀየር የሚመጣ መፍትሔ የለም።

ታዲያ ጊት አዲስ ፎልደር ሲፈጥር ፈቃዱን ከየት ያመጣዋል? ስርዓተ ክወናውን 777 የሆነ ፎልደር እንዲፈጥርለት ይጠይቃል፤ ከዚህ ላይ ዩማስክ የሚባለው ቅንብር የሚከለክለው ይቀነሳል። የመጨረሻዎቹ ሦስት አሃዞች በተራ የባለቤቱ፣ የቡድኑና የሌላው ሰው ፈቃድ ናቸው፤ 7 ሁሉንም፣ 5 ማንበብንና መግባትን ብቻ ይፈቅዳል፣ 0 ምንም አይፈቅድም። ዩማስኩ 0022 ከሆነ ፎልደሩ 755፣ 0002 ከሆነ 775፣ 0027 ከሆነ 750፣ 0077 ከሆነ ደግሞ 700 ሆኖ ይወለዳል። እርስዎ ትናንት በእጅዎ የሰጡት 770 ወይም 2775 ከጠፋው ፎልደር ጋር አብሮ ጠፍቷል።

በገዛ ዐይን ለማየት

ይህን ሰርቨሩን ሳይነኩ በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ቢሞክሩት አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ከማንበብ ይልቅ ማየቱ ስለሚያስረዳም አጥብቄ እመክራለሁ። በጊዜያዊ ቦታ ባዶ ሪፖዚተሪ (የጊት መዝገብ ያለበት ፎልደር) ይፍጠሩና አንድ ፋይል ኮሚት ያድርጉ፣ ማለትም መዝገቡ ውስጥ ያስገቡ። ከዚያ አዲስ ብራንች ከፍተው አንድ ፎልደር ይፍጠሩ፤ በውስጡ አንድ ፋይል ብቻ አስቀምጠው ኮሚት ያድርጉ። አሁን የፎልደሩን ፈቃድ፣ ፈቃድ በሚቀይረው በሲኤችሞድ ትእዛዝ 770 ያድርጉት። «ጊት ስታተስ» ብለው ቢጠይቁ ምንም የተለወጠ ነገር እንደሌለ ይነግርዎታል፤ የፎልደሩን ፈቃድ አያየውምና። ወደ መጀመሪያው ብራንች ይመለሱ፤ ብቸኛው ፋይል ስለተነሣ ፎልደሩም የለም። እንደገና ወደ ሁለተኛው ይሻገሩና ፎልደሩን በኤልኤስ ይመልከቱ፤ ዩማስክዎ የተለመደው 0022 ከሆነ 755 ሆኖ ያገኙታል።

ሙከራውን ይድገሙት፤ በዚህኛው ዙር ግን ከመሻገርዎ በፊት ጊት የማያውቀው አንድ ተጨማሪ ፋይል ፎልደሩ ውስጥ ያስቀምጡ። ጊት የማያውቀውን ፋይል ስለማያጠፋ ፎልደሩ ባለበት ይቆያል፤ ሲመለሱም 770 እንደሆነ ያገኙታል። በእኛ ድረ ገጽ ችግሩ አንዳንዴ ብቻ የሚታየው ለምን እንደነበረ ያስረዳኝ ይህ ሁለተኛው ዙር ነው። ፎቶው በዚያ ፎልደር ለጥቂት ጊዜ አርፎ ወደ ሌላ ዲስክ ይዛወር ነበር፤ ብራንች በምንቀይርበት ቅጽበት ያልተዛወረ ፎቶ ካለ ፎልደሩ ይተርፋል፣ ከሌለ ይጠፋል። የችግሩ መምጣትና መቅረት በአመልካቾች ብዛት ይወሰን ነበር ማለት ነው።

ፎልደር የሚጠፋው ብራንች ሲቀየር ብቻ እንዳልሆነም ልብ ይሏል። ሪቤዝ የሚባለው የጊት ትእዛዝ ሲሠራ ጊት ወደ ሌላ ኮሚት ሄዶ ስለሚመለስ በመካከል ፎልደር ሊጠፋና ሊፈጠር ይችላል፤ ባይሴክትና ሪሴት ሃርድ የሚባሉት ትእዛዞች፣ እንዲሁም ያልተመዘገቡ ፋይሎችን ጨምሮ የሚደረግ ስታሽ ተመሳሳይ ውጤት አላቸው። ከሁሉ የሚያሰጋው «ጊት ክሊን» ነው፤ ከኤፍ፣ ከዲና ከኤክስ አማራጮች ጋር ሲታዘዝ ጊትኢግኖር በሚባለው ፋይል ጊት እንዲዘልላቸው የተደረጉትን ፎልደሮች ጭምር ያለ ምንም ጥያቄ ጠርጎ ያወጣቸዋል።

መንስኤውን መለየት

ችግሩ ሲከሰት እጅዎ ወደ ሲኤችሞድ ከመሄዱ በፊት በፎልደሩ ላይ «ስታት» የሚለውን ትእዛዝ ያስኪዱና ውጤቱን ቀድተው ያስቀምጡ፤ ማስረጃው ያለው እዚያ ነው፣ ፈቃዱን ካስተካከሉ በኋላ ደግሞ ከፊሉ ይጠፋል። ከውጤቱ ግርጌ ካሉት የጊዜ መስመሮች ሦስቱን ያንብቡ። «በርዝ» ፎልደሩ የተፈጠረበት፣ «ሞዲፋይ» በውስጡ ፋይል የተጨመረበት ወይም የተቀነሰበት፣ «ቼንጅ» ደግሞ ፈቃዱንና ባለቤቱን ጨምሮ ማንኛውም መረጃው የተለወጠበት ጊዜ ነው።

የበርዝ ጊዜው ችግሩ ከጀመረበት ሰዓት ጋር የሚገጥም ከሆነ ፎልደሩ አዲስ ነው። በዚህ ጊዜ የጊትን የቅርብ እንቅስቃሴ የሚዘረዝረውን «ጊት ሪፍሎግ» ቀንና ሰዓት እንዲያሳይ አድርገው ያስኪዱትና በዚያች ደቂቃ ቼክአውት (ብራንች መቀየር)፣ ፑል (አዲስ ኮድ ማውረድ) ወይም ሪቤዝ መደረጉን ያረጋግጡ። ከተገናኙ ምርመራው አብቅቷል። ዲስኩ ለፎልደሩ የሰጠውን መለያ፣ የአይኖድ ቁጥሩን፣ ከቀድሞው ጋር ማወዳደርም ይረዳል፤ ሆኖም ኢኤክስቲ4 የሚባለው የሊኑክስ ፋይል ስርዓት የተለቀቀ ቁጥርን ወዲያው መልሶ ሊጠቀምበት ስለሚችል፣ ቁጥሩ አንድ ሆኖ መገኘቱ ፎልደሩ ያው ነው ለማለት አይበቃም። ከበርዝ ጋር የሚጋጭ ከሆነ የሚታመነው በርዝ ነው።

የበርዝ ጊዜው የቆየ ሆኖ ቼንጅ ከሞዲፋይ ዘግይቶ ከተገኘ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፋይል ሲጨመርና ሲቀነስ ሁለቱ ሰዓቶች አብረው ይለወጣሉ፤ ቼንጅ ብቻውን ወደፊት የሄደው አንድ ሰው ወይም አንድ ፕሮግራም ፈቃዱን፣ ባለቤቱን ወይም ስሙን ስለነካ ነው። ጊት ቀድሞ ባለ የሥራ ፎልደር ላይ ሲኤችሞድ አያደርግም። ስለዚህ ኮድ የሚያወርደውን ስክሪፕት፣ የጊት ሁኮችን (ከጊት ሥራ ጋር በራሳቸው የሚነሡ ስክሪፕቶችን)፣ ኮንቴይነር ሲነሣ የሚሮጠውን ትእዛዝ፣ ጥቅል የሚጭኑ መሣሪያዎችን ይፈትሹ። በእነዚህ ውስጥ ሲኤችሞድንና ባለቤት የሚቀይረውን ሲኤችኦውንን በጽሑፍ ፍለጋ ማሰስ ብዙ ጊዜ መልሱን ያወጣዋል። ካልተገኘ «ኦዲትሲቲኤል» በሚለው መሣሪያ ክትትል ያስቀምጡ፤ ክትትሉን የሚያደርጉት በራሱ በፎልደሩ ላይ ሳይሆን በወላጁ ላይ ይሁን፣ ምክንያቱም የሚጠፋን ነገር ብቻ የሚከታተል ሰው ከጠፋ በኋላ የሚሆነውን አያይም። ችግሩ ሲደገም የትኛው ተጠቃሚ በየትኛው ፕሮግራም እንደነካው መዝገቡ ይናገራል።

ፈቃዱ ትክክል ሆኖ እያለ መግባት የሚከለከልበት ሁኔታም አለ። ወደ አንድ ፎልደር ለመድረስ በመንገዱ ላይ ባሉት ፎልደሮች ሁሉ የመግባት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የተበላሸው የበላዩ ፎልደር ሊሆን ይችላል። «ኔምአይ» ከኤል አማራጭ ጋር መንገዱን ከሥር መሠረቱ ጀምሮ በየደረጃው ባለቤቱንና ፈቃዱን እየጻፈ ያሳያል።

ቀጥሎ ጊትን ያስኬደው ማን እንደሆነ ይጠይቁ። ጊት የተለወጠን ፋይል በነበረበት ላይ አይጽፍም፤ አሮጌውን አንሥቶ አዲስ ይፈጥራል፣ አዲሱም ጊትን ያስኬደው ሰው ንብረት ይሆናል። አንድ ቀን በችኮላ በሱዱ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) የተደረገ «ጊት ፑል» የሩት፣ ማለትም የዋናው አስተዳዳሪ፣ ንብረት የሆኑ ፋይሎችንና ፎልደሮችን ትቶ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ በራሱ ስም የሚሠራው ሰው ሁሉ ይከለከላል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2022 ከወጣው ከእትም 2.35.2 ጀምሮ ደግሞ ጊት የሌላ ሰው ንብረት በሆነ ሪፖዚተሪ ውስጥ ሥራውን ያቆማል (በኋለኞቹ እትሞች መልእክቱ «ዱቢየስ ኦውነርሺፕ»፣ አጠራጣሪ ባለቤትነት፣ ይላል)፤ ይህም በሲቪኢ-2022-24765 ቁጥር የተመዘገበውን የደኅንነት ክፍተት ለመዝጋት የተጨመረ ጥበቃ ነው። መልእክቱ ራሱ ፎልደሩን «ሴፍ ዳይሬክተሪ» ብለው እንዲያስመዘግቡ ይጠቁማል። ብዙ ሰው ሳያመዛዝን ይህን ያደርጋል። በእኔ እምነት መልእክቱ የባለቤትነት መዛባትን እያሳየ ከሆነ መጀመሪያ የሚስተካከለው ባለቤትነቱ ነው፤ ማስጠንቀቂያውን ዝም ማሰኘት ችግሩን ይደብቀዋል።

በመጨረሻም ዩማስክን ይፈትሹ፤ የሚፈትሹት ግን ጊት በሚሮጥበት በዚያው አካባቢ ይሁን። ተርሚናል ከፍተው «ዩማስክ» ቢሉ 0002 ሊያዩ ይችላሉ፤ ያው ሥራ በቀጠሮ በሚያስኬደው በክሮን፣ በሲስተምዲ አገልግሎት ወይም ከሩቅ በኤስኤስኤች በሚላክ ትእዛዝ ሲሮጥ ግን 0022 ሊሆን ይችላል። ሱዱ በተለመደው ቅንብሩ የእርስዎን ዩማስክ ከ0022 ጋር አዳምሮ ስለሚጠቀም የቡድኑን የመጻፍ ፈቃድ ይነፍጋል። ዩማስክ የሚለውን ቃል በስክሪፕቱ የመጀመሪያ መስመር ላይ ጽፈው ውጤቱ መዝገብ ላይ እንዲወጣ ማድረግ ብዙ ክርክር ያስቀራል።

ማስተካከያው

እኔ ከሁሉ የማስቀድመው ፕሮግራሙ የሚጽፍበትን ፎልደር ከጊት የሥራ ፎልደር ፈጽሞ ማውጣት ነው። የተጫኑ ፎቶዎች፣ ካሽና መዝገቦች ኮድ አይደሉም። ፎልደሩን ከሪፖዚተሪው ውጭ በቋሚ ቦታ ይፍጠሩ፤ ባለቤቱን፣ ቡድኑንና ፈቃዱን አንድ ጊዜ ያስተካክሉ፤ በቀድሞው ቦታ ወደዚያ የሚያመለክት ሲምሊንክ ያስቀምጡ። ከዚያ ወዲያ ብራንች ቢቀየር ጊት ሊያጠፋና ሊፈጥር የሚችለው ሲምሊንኩን ብቻ ነው፤ ሲምሊንክ ደግሞ የራሱ የሚያስጨንቅ ፈቃድ የለውም፣ የሚታየው የዒላማው ፈቃድ ነው።

ፎልደሩ የግድ በሪፖዚተሪው ውስጥ መቆየት ካለበት፣ በሁሉም ብራንች የሚገኝ አንድ የተመዘገበ ፋይል ይኑረው። የድረ ገጽ መሥሪያው ላራቬል በስቶሬጅ ፎልደሮቹ ውስጥ እንደሚያደርገው፣ ከራሱ በቀር ሌላውን ሁሉ የሚዘልል ጊትኢግኖር ፋይል ማስቀመጥ የተለመደና ጥሩ ዘዴ ነው። ይሁን እንጂ ያ ፋይል ወዳልነበረበት አሮጌ ኮሚት የሚሄድ ሰው ፎልደሩን አሁንም ያጣዋል።

ሦስተኛው መንገድ አዲሱ ፎልደር ሲወለድ ጀምሮ ትክክለኛ ፈቃድ እንዲይዝ ማድረግ ነው። ወላጁን 2775 ካደረጉት፣ የመጀመሪያው 2 የሴትጂአይዲ ምልክት ስለሆነ በሥሩ የሚፈጠር ፎልደር ሁሉ የወላጁን ቡድንና ምልክቱን ራሱን ይወርሳል። ሴትጂአይዲ ቡድኑን ያወርሳል እንጂ የመጻፍ ፈቃዱን አያወርስም፤ ዩማስኩ 0022 ከሆነ ልጁ 2755 ሆኖ ይፈጠራልና ቡድኑ መጻፍ አይችልም። ይህን የሚሞላው በ«ሴትኤፍኤሲኤል» የሚቀመጠው ነባሪ ኤሲኤል ነው፤ ወላጁ ነባሪ ኤሲኤል ካለው በሥሩ ለሚፈጠረው ነገር ዩማስክ አይታይም፣ የሚሠራው የተወረሰው ኤሲኤል ነው። ለዌብ ሰርቨሩ ቡድን የማንበብ፣ የመጻፍና ወደ ፎልደር የመግባት ፈቃድ በነባሪነት አንድ ጊዜ ከሰጡ፣ ጊት ፎልደሩን አሥር ጊዜ አጥፍቶ ቢፈጥረው ፈቃዱ አይጎድልም።

ብዙዎች በፖስት ቼክአውትና በፖስት መርጅ ሁኮች ፈቃዱን ለመመለስ ይሞክራሉ። ይሠራል፤ ግን ቀዳዳ አለው። ሁኮች በክሎን (ሪፖዚተሪው ሲቀዳ) አብረው አይመጡም፤ ሪሴት ሃርድ ደግሞ የፖስት ቼክአውትን ሁክ አያስነሣም። ከሁክ ይልቅ ኮድ በሚያወርደው ስክሪፕት መጨረሻ ላይ ፎልደሩ ከሌለ የሚፈጥር፣ ባለቤቱንና ቡድኑን ቀጥሎም ፈቃዱን በግልጽ የሚያስቀምጥ ትእዛዝ ቢጨመር ይሻላል።

777 የሚለውን ግን እባክዎ ይተዉት። በሰርቨሩ ላይ ያለ ማንኛውም ተጠቃሚና ማንኛውም የተጠለፈ ፕሮግራም እዚያ ፎልደር ውስጥ የፈለገውን ፋይል ሊያስቀምጥና ያለውን ሊያጠፋ ይችላል ማለት ነው። የመሥሪያ ቤታችን ፎልደር የሰዎች ፎቶግራፍ የያዘ ነበር፤ ለወራት በዚህ ሁኔታ ክፍት መሆኑ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ቀድሞ ወደ ታች ሁሉ 777 ተደርጎ ከሆነ ጊት፣ መሮጥ አይችሉም ተብለው የተመዘገቡትን ፋይሎች በሙሉ የተለወጡ አድርጎ ያሳያል፤ ልዩነቱን የሚያሳየው ዲፉም «ኦልድ ሞድ 100644፣ ኒው ሞድ 100755» ይላል። ጊት የመሮጥ ፈቃድን እንዲከታተል የሚያደርገውን «ኮር ፋይልሞድ» የሚለውን ቅንብር ማጥፋት ዝርዝሩን ያጸዳዋል፣ ፈቃዱን ግን አያድነውም። የሚሻለው «ፋይንድ» በሚለው ትእዛዝ፣ ጊት መዝገቡን የሚያስቀምጥበትን የነጥብ ጊት ፎልደር ሳይነኩ፣ ፎልደሮችን ወደ 755፣ ፋይሎችን ወደ 644 መመለስ ነው። ከዚያ ጊት ዲፍ የሚያሳየው መሮጥ ሲገባቸው የመሮጥ ፈቃድ ያጡትን ስክሪፕቶች ብቻ ይሆናል፤ ለእነሱ መልሰው ይስጧቸው። በዊንዶውስ ኮር ፋይልሞድ ከመጀመሪያው የጠፋ ነው። ዊንዶውስ ላይ ሊኑክስን በሚያስኬደው በዳብሊውኤስኤል ውስጥ የዊንዶውስን ዲስክ ሲከፍቱ ሁሉም ነገር 777 ሆኖ የሚታየው ደግሞ ፈቃድን የሚይዘው የሜታዳታ አማራጭ ስላልበራ ነው፤ ሪፖዚተሪውን በሊኑክሱ በኩል ባለው ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚጋራው ሪፖዚተሪ

በነጥብ ጊት ፎልደር ውስጥ ያለው ነገር የተለየ ሕግ አለው። ሁለት ሰዎች ወደ አንድ ሪፖዚተሪ ፑሽ እያደረጉ (ሥራቸውን እየላኩ) አንደኛው «ኢንሰፊሸንት ፐርሚሽን» (በቂ ፈቃድ የለም) ከተባለ፣ «ኮር ሼርድ ሪፖዚተሪ» የሚለውን ቅንብር ግሩፕ ያድርጉት። ቅንብሩ ከዚያ በኋላ ለሚፈጠሩት እንጂ ቀድሞ ላሉት አይሠራም፤ ስለዚህ ያሉትን ፋይሎች ቡድን አንድ ጊዜ አስተካክለው ለፎልደሮቹ የቡድን የመጻፍ ፈቃድና ሴትጂአይዲ ይስጡ። ጊት ይዘቱን የሚያስቀምጥባቸው ፋይሎች፣ ኦብጀክቶቹ፣ 444 (ለማንበብ ብቻ) ሆነው ቢያዩአቸው አይደንግጡ፤ አንዴ ከተጻፉ ስለማይለወጡ እንዲያ መሆናቸው ትክክል ነው። ይህ ቅንብር የሚገዛው ነጥብ ጊትን ብቻ ነው፤ የሥራ ፎልደሩን ያስተካክልልኛል ብለው ካሰቡ ይሳሳታሉ።

የይለፍ ቃል ያለበትን ፋይል 600 አድርገው ሪፖዚተሪ ውስጥ ካስቀመጡት፣ ፋይሉ በሚቀጥለው ፑል ሲታደስ 644 ሆኖ ሊመለስና ሌላ ተጠቃሚ ሊያነበው ይችላል። ለኤስኤስኤች የግል ቁልፍም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ኤስኤስኤች ፈቃዱ የላላ ቁልፍን አልቀበልም ስለሚል ቶሎ መታወቁ ነው። እነዚህ ከሪፖዚተሪ ውጭ ይቀመጡ።

ማስተካከያውን ካደረጉ በኋላ የፎልደሩን የስታት ውጤት ይመዝግቡ፤ ፎልደሩ ባዶ መሆኑን አይተው ወደ ሌላ ብራንች ይሻገሩና ይመለሱ፤ ኮድ የሚያወርደውን ስክሪፕትም በተለመደው መንገዱ አንድ ጊዜ ያስኪዱት። እንደገና ስታት ይበሉ። ፎልደሩን ወደ ውጭ ካወጡት የበርዝ መስመሩ ካስመዘገቡት ጋር አንድ መሆን አለበት፤ በነባሪ ኤሲኤል ከሠሩ በርዝ ሊለወጥ ይችላል፣ ቡድኑና ፈቃዱ ግን ያው መሆን አለባቸው። ከዚያ በዌብ ሰርቨሩ ተጠቃሚ ስም አንድ ትንሽ ፋይል ፎልደሩ ውስጥ ጽፈው ያጥፉ።